የሎሚው ገዳይ ዘመዶች

«አይቆረጥም» አለች አገርነሽ።

የሰበካ ጉባኤው አባላት ከደብሯ ቅጽር ውጭ፣ ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ቆይተው ሊነሡ ሲሉ ነበር። ሊቀ መንበሩ ክንዱ፣ ሎሚው ክረምት ሳይገባ ከሥሩ ተነቅሎ በቦታው ባሕር ዛፍ እንዲተከል መወሰኑን ተናግሮ ጋቢውን ወደ ትከሻው እየመለሰ ነው። አገርነሽ የጉባኤው አባል አይደለችም፤ የመናገር ፈቃድም አልጠየቀችም። በጠዋቱ ጀልባ ከባሕር ዳር መጥታ፣ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ከሰዎቹ ጀርባ ቆማ ስታዳምጥ ነው የቆየችው።

«ማን ጠየቀሽ?» አለ ክንዱ ሳይዞር። በድምፅዋ አውቋታል።

«ማንም አልጠየቀኝ። ቢሆንም አይቆረጥም።»

«አምና ጠይቀንሽ አልነበር?» አሉ ጋሼ አምሐ፣ ከጉባኤው በዕድሜ የሚበልጡት። «ጠየቅንሽ፣ ነገርሽን፣ ረጨን፣ ዛፉ ሞተ። ዘንድሮ ሳንጠይቅሽ ብትተዪን ምናልባት የቀረው ይተርፍ ይሆናል።»

ሰዎቹ ሳቁ። አገርነሽ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«እውነትዎን ነው ጋሼ። አምና ተሳስቻለሁ። ዛሬ የመጣሁትም ለዚሁ ነው።»

ሎሚ አምባ ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ሎሚ ነው። ደብሯ ከኮረብታው አናት ላይ ናት፤ ጠበሏ ከኮረብታው ወገብ ይፈልቃል፤ ሎሚው ከጠበሉ በታች ጀምሮ እስከ ሐይቁ ደንገል ድረስ ይወርዳል። የአብነት ተማሪዎቹ የሚለብሱትም የሚቀምሱትም ከሎሚው ሽያጭ ነው። ሎሚው ከተነሣ፣ ባሕር ዛፉ ለመቆረጥ እስኪደርስ ድረስ ጉባኤ ቤቱ ይበተናል። ይህን ከዋርካው ሥር የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። የአገርነሽ አባት መሪጌታ ገብረ ኪዳን ዕድሜያቸውን ያስተማሩት በዚያ ጉባኤ ቤት ነው፤ አሁንም ዓይናቸው ደክሞ፣ በጆሯቸው ብቻ የተማሪውን ዜማ እያረሙ እዚያው አሉ።

አገርነሽ የተወለደችው ከሎሚው አጠገብ ባለችው ጎጆ ነው። እናቷ በሕይወት ሳሉ፣ «ይህች ልጅ በእግሯ ነው የመጣችው፤ ጭንቅላቷን አስቀድሚ ቢሏት እምቢ ብላ» ይሉ ነበር። አደገች እንጂ ከዚህ አልተለወጠችም። በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ እምቢ ሳትል ቀርታለች፤ እሱም የአባቷ ቆጠራ ነው።

መሪጌታ ገብረ ኪዳን በአገሩ የሚፈለጉት ለዜማቸው ብቻ አይደለም። ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ሲታሰብ፣ ጥሎሽ ከመቆረጡ በፊት ወላጆች ወደ እርሳቸው ይመጣሉ። ከሐይቁ ዳር እስከ እንፍራንዝ ያለውን ዘር በቃላቸው ይዘውታል። ሁለቱን ወገን ፊት ለፊት አቁመው ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት እያሉ ሰባት ቤት ይወጣሉ። ሁለቱ መስመሮች ሰባት ቤት ሳይሞላ ከተገናኙ ጋብቻው ቀረ፤ ይግባኝ የለውም።

አገርነሽን የጠየቃት ክንዱ ነበር፤ የዛሬው ሊቀ መንበር። እሱ ረጅም፣ ቀይ፣ ሰልካካ ነበር፤ እሷ አጭር፣ ጠይም፣ ፊተ ክብ። አብረው ሲሄዱ ያየ ሰው፣ «እነዚህስ የአንድ አገር ውሃም የጠጡ አይመስሉ» ይላል። ስለዚህ ቆጠራውን ማንም አልፈራውም። መሪጌታ ለገዛ ልጃቸው ሲሆን ሌላ ቆጣሪ ቢፈለግ ነውር አልነበረበትም፤ እሳቸው ግን ራሳቸው ቆጠሩ። አምስተኛው ቤት ላይ አንዲት ሴት ተገኘች፤ የእሱም የዘር እናት፣ የእሷም የዘር እናት።

«አይሆንም» አሉ።

«አባዬ፣ መልካችንን አይተዋል?» አለች አገርነሽ።

«ዘር በመልክ አይቆጠርም፤ መልክ ያታልላል።»

አላለቀሰችም። የሚያልፈውን ጀልባ ጠብቃ ተሳፈረችና ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ካለች አክስቷ ቤት ገባች። ቀን እየሠራች ማታ ተማረች። ከአንድ ኮሌጅ ላቦራቶሪ በብርጭቆ አጣቢነት ተቀጥራ፣ ቀስ በቀስ ለተማሪዎች ናሙና የምታዘጋጅ ባለሙያ ሆነች። አላገባችም፤ ለምን ብሎ የጠየቃትንም መልሶ አላስጠየቀችም። ኮሌጁ አዳዲስ ማይክሮስኮፖች ሲያገኝ አሮጌውን ወደ ግምጃ ቤት ሊጥሉት መጡ። በሩ ላይ ቆማ፣ «ይሄ አይወጣም፤ ዓይኔ የለመደው እሱን ነው» አለች። ተዉላት። ክንዱ በሎሚ አምባ አገባ፣ ወለደ፣ ሸበተ። እሷ በየበዓሉ አባቷን ለመጠየቅ ስትመጣ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ከሰላምታ ያለፈ ነገር የላቸውም።

የሎሚውን መታመም መጀመሪያ ያዩት ጠበሉን የሚጠብቁት መነኩሲት፣ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ናቸው። ዛፎቹ ከእግራቸው ሙጫ ያለቅሳሉ፤ ልጡ ይጠቁራል፣ ይኮመጥጣል፤ ቅጠሉ ይገረጣል፤ ከዚያ ዛፉ እንደቆመ ይደርቃል። አገርነሽ አምና መጥታ ከታመመው ልጥ ቆርሳ ወሰደች። እርጥብ ብርጭቆ ውስጥ ብታስቀምጠው ነጭ፣ ጥጥ የመሰለ ነገር አበቀለ። በሻገተ ቂጣ ላይ ያላየው ማን አለ? «ሻጋታ ነው» አለች። ከዚያ በላይ አላየችም። ጉባኤው አመናት፤ ለስንዴ ዋግ የሚረጨው መድኃኒት ተገዝቶ መጣ፤ ተረጨ። ዋግም የሻጋታ ወገን ነውና ስንዴውን ያዳነ ሎሚውን ያድናል ተብሎ ነበር። ሎሚው ግን ሙጫውን ማልቀስ አላቆመም።

ከዚያ በኋላ ሎሚ አምባ ወደምታውቀው ተመለሰች። ሊጠመቅ የመጣ ሁሉ ከጠበሉ እየቀዳ በታመመው ዛፍ እግር ሥር ማፍሰስ ያዘ። ክንዱም፣ እንኳን ለወዳጅ ለጠላትም የማይሰንፍ ሰው ነውና፣ ከጠበሉ የሚወርደውን ውሃ በቦይ ጠልፎ ከዛፍ ወደ ዛፍ አዳረሰው። እያንዳንዱ ሎሚ በእግሩ ዙሪያ ትንሽ የጠበል ኩሬ ያዘ። በዚያው ዓመት ከቀደመው የበዛ ዛፍ ደረቀ። ጉባኤው ተሰብስቦ፣ ጠበል ያላዳነውን ሰው አያድነውም፤ ፈቃዱ ቢሆን ነው፤ ይነሣ ሲል ወሰነ።

አገርነሽ ደግሞ በባሕር ዳር አንድ ጥያቄ እንደ እሾህ ተሰክቶባት ከረመ። ሻጋታ ከሆነ መድኃኒቱ ለምን አልነካውም? ለበዓል ሄዳ ከልጡ እንደገና ቆርሳ፣ በዚህ ጊዜ እርጥብ ብርጭቆ ውስጥ ሳይሆን ውሃ ውስጥ ነከረችው። ከአሮጌው ማይክሮስኮፕ ሥር ስታየው፣ በክሮቹ ጫፍ ላይ ጫፋቸው ሾል ያለ ትናንሽ ከረጢቶች ተንጠልጥለዋል። ቅርጻቸው ሎሚ ነው። እያየች ሳለ አንዱ ተከፈተና ከውስጡ የወጡት ነገሮች እየተሽከረከሩ ዋኝተው ሄዱ።

«ግሩም! ና እስቲ እይልኝ!»

ግሩም በኮሌጁ ባዮሎጂ የሚያስተምር የአዲስ አበባ ልጅ ነው። አጎንብሶ አየ፤ ቀና ብሎ እሷን አየ፤ እንደገና አጎነበሰ።

«እትዬ አገርነሽ፣ ማን ነው ይሄን ሻጋታ ያለው?»

«እኔ ነኝ።»

«በቃ፣ ይቅርታ ጠይቂው፤ ስም አጥፍተሻል።» ቀለም ጠብ አድርጎ ክሮቹን አሳያት። የሻጋታ ክር እንደ ሸምበቆ አንጓ አንጓ አለው፤ እነዚህ ግን ከዳር እስከ ዳር ባዶ ቱቦ ናቸው። ሣርን የሚያቀልመው፣ ሻጋታን ግን የማይነካው ቀለም እነዚህንም አቀለማቸው። «የውሃ ሻጋታ ይሉታል፤ ስሙን ያወጡለት መልኩን አይተው ነው። ሻጋታ አይደለም፣ የእንጉዳይ ወገንም አይደለም። ያ የረጫችሁት መድኃኒት ሻጋታ በገላው ውስጥ የሚሠራትን አንዲት ቅባት እንዳይሠራ ነው የሚከለክለው። ይሄ ያቺን ቅባት አይሠራትም። የሌለ ሰው ቤት ነው ስታንኳኩ የከረማችሁት።»

«የሚገባውስ በየት ነው?»

«በውሃ ነዋ። ውሃ እግሩ ነው፤ ውሃ ከሌለ የትም አይሄድም።»

አገርነሽ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። የክንዱ ቦይ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲወርድ፣ ሰዎች በፍቅር ያፈሰሱት ጠበል በየእግሩ ሲቋጥር ታያት። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲባል ስትሰማ ኖራለች፤ ሲወስድ ያየችው ገና አሁን ነው።

ይህን ይዛ ነው ዛሬ ከዋርካው ሥር የቆመችው። ያየችውን ሁሉ ሳታሳጥር ተናገረች። ዝም ብለው ሰሟት፤ እስከ መጨረሻው ዓረፍተ ነገር ድረስ።

«ስለዚህ የጠበሉ ወራጅ ከሎሚው መውጣት አለበት።»

ያን ጊዜ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተናገረ።

«ጠበል በሽታ ያመጣል ልትይን ነው?»

«ከተማ ገብታ እምነቷን ጥላ መጣች!»

«ጠበሉን አላልሁም!» አለች ድምፅዋን ከድምፃቸው በላይ አድርጋ። «ጠበሉ ንጹሕ ነው። መሬት ከነካ በኋላ ከታመመው ዛፍ እግር ወደ ጤነኛው እየወሰደ የሚያደርሰውን ነው የምለው። እናንተ በሽተኛ አጥባችሁ እጣቢውን ለልጃችሁ ታጠጣላችሁ?»

ክንዱ ተነሣ። «ስሚ አገርነሽ። ነጭ ነው ብለሻል። ጥጥ ይመስላል ብለሻል። እንጨት ይበላል። ሻጋታ ካልሆነ ምንድን ነው? ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ! አምና በዚህ አፍሽ ሻጋታ ነው አልሽ፤ ዘንድሮ በዚሁ አፍሽ አይደለም ትያለሽ። የከርሞውን ደግሞ ማን ያውቃል? እኔ ሕዝቡን ጠበሉን አዙሩ ብዬ የማዝበት አፍ የለኝም።»

«እንግዲያው እኔ በአፌ አላስረዳም፤ አሳያችኋለሁ። እስከ መጪው እሑድ መጥረቢያ አይነሣ።»

«ካነሣንስ?»

«ከሥሩ ቆሜ ታገኙኛላችሁ። በእግሯ የመጣች ናት ብለው እናቴ አልነገሯችሁም?»

ጋሼ አምሐ ሳያስቡት ሳቁ። «ኧረ ነግረውናል!» አሉ። በዚህች ሳቅ ሳምንቱ ተፈቀደ።

አገርነሽ ሁለት ሳፋ አመጣች። በአንዱ ከታመሙት ዛፎች ሥር ያለውን አፈር፣ በሌላው ቦዩ ካልደረሰበት ከምሥራቁ ጥግ ያለውን አፈር አደረገች። በሁለቱም ላይ ከጠበሉ ዓይን የተቀዳ ንጹሕ ጠበል ሞላችባቸው። አፈሩ እስኪዘቅጥ ጠብቃ፣ ከጤነኛ ሎሚ የተቆረጠ አረንጓዴ ቅጠል ጎን ለጎን አንሳፈፈችባቸው። እማሆይ ወለተ ሥላሴ መቋሚያቸውን ተደግፈው አዩ።

«አሣ ልታጠምጂ ነው?»

«አዎ እማሆይ። ዓይን የማያየው አሣ።»

«ይህቺ ቅጠል መንጠቆዋ ናት በይኛ።»

«መንጠቆዋም ምግቧም ናት። እርስዎ ይጠብቁልኝ። እኔ ሥራዬ ላይ እሆናለሁ፤ አጭበረበረች እንዳይሉኝ።»

እማሆይ ሁለቱን ሳፋ ከቤታቸው አስገብተው በሰፌድ ከደኑ። ሊያይ የመጣውን ሁሉ፣ «እሑድ ና! ጠበል ቤት እንጂ ቲያትር ቤት አይደለም» እያሉ መለሱት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤው በመሪጌታ ግቢ ተሰበሰበ። እማሆይ ሁለቱን ሳፋ አስመጥተው ሰፌዱ ተነሣ። በምሥራቁ አፈር ላይ የዋለው ቅጠል እንደ ነበረ አረንጓዴ ነው። በታመመው አፈር ላይ የዋለው ግን ከጠርዙ እየጠቆረ፣ ውሃ እንደጠጣ ብራና ለስልሶ ገብቷል። ሰዎቹ ተራ በተራ እያጎነበሱ አዩ።

«ጠበሉ አንድ ነው» አሉ እማሆይ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ከአንድ ዓይን ነው የቀዳነው። እኔ ነኝ የያዝሁት። ማንም አልነካውም።»

ጋሼ አምሐ የተበላሸውን ቅጠል በጣታቸው አነሡት። «ታዲያ አፈሩ ነዋ የታመመው።»

«ሻጋታ ያለበት አፈር» አለ ክንዱ። «እኔም ያልሁት ይሄንኑ ነው።»

«ቅጠሉ አፈሩን አልነካም» አለች አገርነሽ። «ከላይ ነበር፣ አፈሩ ከታች። ያ ሁሉ ውሃ በመካከል አለ። ዋኝቶ ነው የደረሰበት፤ በምን ሌላ?»

«ሻጋታ ዋኘ በያ!» አለ ክንዱ። «ሁለቱን ምን ለያቸው? ዘመዳሞች ናቸው፤ አንዱ ዋና ቢያውቅ ምን አለበት?»

አገርነሽ ወደ ጎጆው ደጃፍ ዞረች። አባቷ ከመደቡ ላይ፣ እጃቸውን ከመቋሚያቸው ጫፍ ጭነው ተቀምጠዋል።

«አባዬ» አለች። «ዘመድ ናቸው አይደሉም የሚለውን በዚህ አገር የሚፈርደው ማን ነው? ይቁጠሩልን። በእኔ ላይ የቆጠሩበትን ቆጠራ ዛሬም ይቁጠሩት።»

ክንዱ ወደ መሬት አየ። ያንን የድሮ ነገር በሎሚ አምባ የማያውቅ የለም፤ በክንዱ ፊት ጮክ ብሎ የተናገረው ግን የለም።

«ክንዱ» አሉ መሪጌታ። «አንተ ዘመድ ናቸው ብለሃል። ከሻጋታው ወገን ቁም። አገር፣ አንቺ ከዚያኛው።»

ሁለቱ ፊት ለፊት ቆሙ። ያን ጊዜም በዚሁ ግቢ እንደዚሁ ነበር የቆሙት፤ ያን ጊዜ የክንዱ ጠጉር ጥቁር ነበር።

«የማላውቀው ዘር ነው፤ ስለዚህ እየጠየቅሁ እቆጥራለሁ» አሉ መሪጌታ። «አገር፣ ለሁለቱም ወገን እውነቱን ተናገሪ፤ አትደብቂለት። ልብሱ ምንድን ነው?»

«የሻጋታና የእንጉዳይ ልብስ፣ ጢንዚዛ ጀርባዋን የምትሸፍንበት ዓይነት ነው። የዚህኛው ሣርና እንጨት የሚለብሱት ነው።»

«አካሉስ?»

«የሻጋታው አንጓ አለው፤ የዚህኛው የለውም።»

«ዘሩን በምን ይልካል?»

«የሻጋታ ዘር አብዛኛው በነፋስ ይሄዳል። እውነቱን ለመናገር በክንዱ ወገንም የሚዋኙ ጥቂት አሉ።»

«አላልሁም?» አለ ክንዱ።

«እነሱ ግን አንዲት ጭራ ናት ያለቻቸው፤ ከኋላ ትገፋቸዋለች። ይሄ ሁለት ጭራ አለው። አንደኛዋ ጠጉራም ናት፣ ከፊት ሆና ትስበዋለች፤ ሁለተኛዋ ልሙጥ ናት፣ ከኋላ ትከተላለች።»

«የሻጋታው የቅርብ ወገን ማን ነው?»

«እኛ ነን አባዬ። እንስሳውና ሰው።»

«እኔና እንጉዳይ?» አሉ እማሆይ መቋሚያቸውን መሬት እየመቱ።

«እጅግ ሩቅ ነው እማሆይ። ግን ከዚህኛው ይልቅ ለእርስዎ ይቀርባል።»

«እንግዲህ እንጉዳይም የሥጋ ዘመድ ነው ተብሎ ከጾም ሊወጣብን ነው!» አሉ ጋሼ አምሐ።

«ሰባት ቤት ካለፈ ጋብቻም ይፈቀዳል፤ አንተ ብላ» አሉ መሪጌታ። ሳቁ ካለፈ በኋላ ፊታቸውን ወደ ልጃቸው ድምፅ መለሱ። «የዚህኛውስ ወገን? እናቱ ከየት ናት?»

«ከሐይቁ። በውሃ ዳር ድንጋይ ላይ ያለው ቡናማ አዳላጭ፣ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች የሚወድቁበት፣ የእሱ ዘመድ ነው። በባሕር ውስጥ የሚያድጉ ትልልቅ ቡናማ አረሞችም ዘመዶቹ ናቸው።»

መሪጌታ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቆጠሩ፤ ለሙሽሮች ሲቆጥሩም እንደዚህ ነው። ወገኖቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ የሚሸኟቸው ይመስላል። ክንዱም አገርነሽም ሳይንቀሳቀሱ ጠበቁ።

«አይገናኙም» አሉ። «አንዱ የሜዳ፣ አንዱ የውሃ ሰው ነው። ሰባት ቤት ቀርቶ ሰባ ቤት ብወጣ አላገኛቸውም። ያን ጊዜ መልካችሁ ተለያይቶ ዘራችሁ አንድ ሆነብኝ። ዛሬ መልካቸው አንድ ሆኖ ዘራቸው ተለየ። በመልክ አልቆጥርም ብያችሁ ነበር፤ ዛሬም አልቆጥርም።»

አገርነሽ ዝም ማለት አይሆንላትም።

«ያኔም ዛሬም ልክ ነዎት አባዬ። ያኔውን ግን እስከ ዛሬ አልወደድሁትም።»

«እኔስ ወድጄው መሰለሽ?» አሉ ሽማግሌው።

ክንዱ ጋቢውን አስተካከለ። «እሺ፣ ዘመድ አይደሉም ይባል። ጠበሉንስ የት እናድርገው? ሕዝቡ ይቀየማል።»

«ሐይቁ ምን በደለ?» አሉ መሪጌታ። «በቀጥታ ወደ ሐይቁ ይውረድ። የሚረጭ ሰው ቅጠሉ ላይ ይርጭ፤ እግሩ ሥር አይቋጠር። ለአንድ ክረምት እንየው። ካልዳነ መጥረቢያው የትም አይሄድም።»

አገርነሽ ከኮሌጁ ዕረፍቷን ጠይቃ ዶማ ያዘች። ከጠበሉ በታች፣ ከሎሚው ውጭ፣ አዲስ ቦይ መቆፈር ጀመረች። በዛፎቹ እግር ዙሪያ የተከመረውን አፈር ገለጠች፤ ልጡ ነፋስ እንዲያገኘው። ተስፋ የሌላቸውን ነቅላ አቃጠለች። ፍርዱ ቢሰማም ሁሉም ሰው አልተቀበለውም። አንድ ጠዋት ስትመጣ ቦዩ በድንጋይ ተደፍኗል። ድንጋዩን አወጣች። በማግስቱ እንደገና ተደፈነ፤ እንደገና አወጣች። ማን እንደደፈነው አልጠየቀችም። ድንጋዮቹን እየሰበሰበች በቦዩ ዳር ግድግዳ አድርጋ ደረደረቻቸው፤ ደፋኙ በደከመ ቁጥር ግድግዳዋ ይጠነክራል።

እንዲህ እያለች ሳለ ክንዱ ዶማ በትከሻው ይዞ ወረደ። አገርነሽ በቦዩ መካከል ቆመች።

«ልትደፍነው ከሆነ እኔንም አብረህ ትደፍናለህ።»

ክንዱ አላያትም፤ ቁልቁለቱን እያየ ነበር። «እዚህ ላይ ብታዞሪው ክረምት ሲገባ ውሃው ሞልቶ ወደ ሎሚው ይመለሳል። በዚያ በኩል ነው መውረድ ያለበት። ይሄን መሬት እኔ አውቀዋለሁ።»

ትክክል ነበር። ይህን አልነገረችውም፤ ከፊቱ ግን ዞር አለችለት። ያንን ቦይ እስከ ደንገሉ ድረስ አብረው ቆፈሩት፤ ከ«ይሄን ያዥ» እና ከ«ያንን ተወው» ያለፈ ነገር አልተነጋገሩም። የቀድሞ ቦዩን ክንዱ ራሱ ደፈነው። ሲደፍን ፊቱን አዙራለት ሌላ ቦታ ቆፈረች፤ አምና ያን ሁሉ ዛፍ ለማዳን ብሎ እንደቆፈረው ታውቃለችና።

ክረምቱ ከባድ ነበር። ጠበሉ ሞልቶ፣ አዲሱ ቦይ እየጮኸ ወደ ሐይቁ ወረደ። በአሮጌው ቦይ ዳር የነበሩት ዛፎች አልተረፉም። ቦታቸው ባዶ ቀረ፤ ክንዱ ባሕር ዛፍ ልትከልበት ሲል አገርነሽ፣ «ጥላው ለሎሚው አይሆንም» ብላ ከለከለችው፤ ከተከራከሩ በኋላ ባዶውን ተዉት። ከቦዩ ራቅ ብለው ታመው የነበሩት ግን ሙጫ ማልቀስ አቆሙ። መስቀል ሲደርስ ለጋ ቅጠል አውጥተው ነበር። መጥረቢያው ከግድግዳው አልወረደም።

የሎሚ አምባ ሰው ስለዚህ ሲናገር፣ ጠበሉ አዳነው ይላል። ውሃው ወደ ሐይቁ ከዞረ በኋላ በረከቱ በቅጠሉ በኩል ገባ የሚሉም አሉ። እማሆይ ወለተ ሥላሴ ከእንግዶች መካከል አንዱ ጣሳ ይዞ ወደ ዛፍ እግር ሲያጎነብስ ካዩ፣ «ራሱ ላይ! ራሱ ላይ! አንተ ስትጠመቅ በእግርህ ነው እንዴ?» ብለው ይጮኻሉ። ጠጋ ብሎ ለጠየቃቸው ደግሞ፣ ሁለት ጭራ ስላለው፣ የሐይቁ አዳላጭ ዘመድ ስለሆነው ነገር ይነግሩታል። እንጉዳይ ከእሳቸው ጋር እንደሚዛመድ ግን አይነግሩትም።

በሚቀጥለው ዓመት፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሊጥል ሲያጉረመርም አገርነሽ በጠዋቱ ጀልባ መጣች። ቦዩን የዘጋውን ቅጠልና አፈር በዶማ እየጠረገች ሳለ ክንዱ ከላይ ቆሞ አያት።

«ዘንድሮም ጠበሉ ነው ያዳነው እያሉ ነው» አላት።

«ይበሉ።»

«ስምሽን የሚያነሣ የለም።»

«ስሜን ለምን ያነሣሉ? እኔ ያልሁት አይቆረጥም ነው፤ አልተቆረጠም።» ቀና ብላ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ይልቅ ዶማህን ይዘህ ውረድ። ከታች ድንጋይ የጣለበት ሰው አለ።»